ፊውዝ እያለ አይሲው ለምን ይቃጠላል?

ባለፈው ሐምሌ ነው። ሰፈራችን ካለ ጥገና ቤት ተቀምጬ ቻርጀሬ እስኪሠራ እጠብቃለሁ። አንዲት እናት በፌስታል የጠቀለሉትን የዲሽ ሪሲቨር ይዘው ገቡ። ሌሊት ነጎድጓድ ነበር፤ ጠዋት አልበራ አለ። ጠጋኙ ክዳኑን ፈታ፣ ገልበጥ ገልበጥ አድርጎ አየውና «እማማ፣ አይሲው ሄዷል» አላቸው።

«ፊውዝ የለውም እንዴ ልጄ? ስገዛው አለው ብለውኝ ነበር።»

«አለው እማማ። ፊውዙማ ደህና ነው።»

ትክ ብለው አዩት። «ታዲያ ምኑን ነው የጠበቀው?»

ጠጋኙ ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ። ጥያቄው ግን የሚሳቅበት አልነበረም። ብዙዎቻችን እንደ እማማ ነን። ፊውዝ አለው፣ ስታቢላይዘር አለኝ፣ ዲቫይደሬ ላይ «ሰርጅ (የቮልቴጅ ዝላይ) ይከላከላል» ተብሎ ተጽፏል እንላለን። ዕቃው ግን ይቃጠላል። ለምን?

መጀመሪያ፣ አይሲ ምንድን ነው?

አይሲ እና ቺፕ አንድ ናቸው። ቦርዱ ላይ የሚታየው ብዙ እግር ያለው ጥቁር ነገር ማለት ነው። ጥቁሩ ሽፋን ልብሱ ነው። ውስጡ ያለው ከጥፍር የማይበልጥ የሲሊኮን ቁራጭ ነው። ቁራጩ ላይ ትራንዚስተር የሚባሉ ጥቃቅን ማብሪያ ማጥፊያዎች ተደርድረዋል። የመጀመሪያውን አይሲ ጃክ ኪልቢ በቴክሳስ ኢንስትሩመንትስ ሠርቶ ያሳየው እ.ኤ.አ. በ1958 ነበር። በ1971 የወጣው ኢንቴል 4004 ወደ 2,300 ትራንዚስተር ነበረው። አፕል በ2020 ያወጣው ኤም 1 ቺፕ ደግሞ 16 ቢሊዮን አለው።

ይህን ሁሉ አንድ ጥፍር ላይ ለማስፈር ሁሉንም ነገር ማሳነስና ማሳሳት ግድ ነው። ችግሩ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።

እያንዳንዱ ትራንዚስተር ጌት የሚባል በር አለው። በሩን ከታች ካለው ሲሊኮን የሚለየው ኤሌክትሪክ የማያሳልፍ ስስ ሽፋን ነው። ለብዙ ዘመን ሽፋኑ የተሠራው ከሲሊኮን ዳይኦክሳይድ ነው፤ የብርጭቆ ዘመድ በሉት። በዘመናዊ ቺፕ ውስጥ የዚህ ሽፋን ውፍረት ጥቂት ናኖሜትር ነው። አንድ የፀጉር ዘለላ ወደ 80,000 ናኖሜትር ይወፍራል። ልዩነቱን አስቡት።

ብርጭቆው ጠንካራ ነው፤ ግን ስስ ነው። በጥቅሉ ለአንድ ናኖሜትር ውፍረት አንድ ቮልት ገደማ ይችላል። ከዚያ ካለፈ ይበሳል። የአምስት ናኖሜትር ሽፋን ከአምስት ቮልት ብዙ ርቆ አይሄድም ማለት ነው። ግድግዳችሁ ላይ ያለው ሶኬት ደግሞ 220 ቮልት ይዞ ቆሟል።

ቮልቴጅ ነው የሚገድለው ወይስ ጅረት?

ሁለቱም፤ አገዳደላቸው ግን ይለያል።

ጣሪያ ላይ የተሰቀለ ሮቶ አስቡ። ሮቶው ከፍ ባለ ቁጥር ውሃው ቧንቧውን ይገፋል። ይህ ግፊት ቮልቴጅ ነው። ቧንቧው ሲከፈት የሚፈሰው የውሃ መጠን ደግሞ ጅረት ነው። ግፊት ብቻውን ደካማ ቧንቧ ሊያፈነዳ ይችላል። ብዙ ውሃ ደግሞ መሬቱን ቦርቡሮ ይሄዳል።

ቺፕም እንደዚያው ነው። የመጀመሪያው ሞት መበሳት ነው። ቮልቴጁ ሽፋኑ ከሚችለው ያልፍና ቀዳዳ ይከፍታል። ማብሪያ ማጥፊያው ከዚያ በኋላ አይዘጋም። ሁለተኛው ሞት መቅለጥ ነው። ቺፕ ውስጥ ያሉት የብረት መስመሮች በዓይን የማይታዩ ቀጫጭን ናቸው። ትልቅ ጅረት ሲያልፍባቸው እንደ አምፖል ክር ግለው ይበጠሳሉ። አሉሚኒየም በ660 ዲግሪ፣ ሲሊኮን ራሱ በ1,414 ዲግሪ ይቀልጣል። የሙቀት መጠኑ ትልቅ ይመስላል። ነገር ግን ጉልበቱ ሁሉ ከአቧራ በምታንስ ቦታ ላይ ሲያርፍ እዚያ ለመድረስ ብዙ አይፈጅም።

ሦስተኛም አለ፤ ለጠጋኝ ራስ ምታት የሆነው እሱ ነው። ቺፑ አይሞትም፣ ይቆስላል። ሽፋኑ በግማሽ ይጎዳል፣ መስመሩ ይሳሳል። ዕቃው ይሠራል። ከሳምንታት ወይም ከወራት በኋላ፣ ምንም ባልተፈጠረበት ቀን ጸጥ ይላል። ባለቤቱም «ትናንት ሲሠራ ነበር እኮ!» ይላል። እውነቱን ነው።

እውነት በጣት ብቻ ቺፕ ይገደላል?

አዎ። በበጋ ሌሊት መብራት አጥፍታችሁ ሹራብ ስታወልቁ ጠጠጠ ሲልና ብልጭ ሲል አይታችሁ ይሆናል። የናይሎን ብርድ ልብስም ይህን ያደርጋል። ሁለት ነገሮች ተፋትገው ሲለያዩ አንዱ የሌላውን ኤሌክትሮን ይዞ ይሄዳል። ይህ ሙሌት (ቻርጅ) ሰውነታችሁ ላይ ይጠራቀማል፤ ብረት ስትነኩ ይዘላል። አየሩ ሲደርቅ ይብሳል፤ እርጥበት ሙሌቱን ቀስ እያለ ያፈሰዋልና።

ጣታችሁን ሲነዝራችሁ ቮልቴጁ በአብዛኛው 3,000 አካባቢ ወይም ከዚያ በላይ ነው። ከዚያ በታች ያለውን አታውቁትም። ቺፕ ግን ያውቀዋል። ያለ መከላከያ ቢሆን ጥቂት መቶ ቮልት ይበቃዋል፤ ከመቶ በታች የሚጎዳቸውም አሉ። ስለዚህ ምንም ሳይሰማችሁ ገድላችሁት ልትሄዱ ትችላላችሁ።

ታዲያ ሦስት ሺህ ቮልት እኛን ለምን አይገድልም? ግፊቱ ትልቅ፣ ውሃው ግን አንድ ጭልፋ ስለሆነ ነው። መሐንዲሶች ቺፕ ሲፈትኑ የሰውን አካል በ100 ፒኮፋራድ ካፓሲተር (ሙሌት ማጠራቀሚያ) እና በ1,500 ኦም ሬዚስተር (ጅረት መቀነሻ) ይወክሉታል። በዚህ ልክ 2,000 ቮልት ተሸክሞ የነካ ሰው ለአንዲት ቅጽበት 1.3 አምፔር ገደማ ይለቃል። ቅጽበቷ ከአንድ ሰከንድ አንድ ሚሊዮንኛ በእጅጉ ታንሳለች። ለእኛ መነዘር ነው፤ ለቺፑ የመብረቅ ያህል ነው።

በነገራችን ላይ የኮምፒውተር ሜሞሪ ስትገዙ ሻጩ ከብርማ ከረጢቱ አውጥቶ፣ የሜሞሪውን ወርቃማ ጥርሶች በጣቱ እየዳበሰ አሳይቶ፣ ከዚያ በፌስታል ጠቅልሎ ከሰጣችሁ ሁለት ነገር አጥፍቷል። ብርማው ከረጢት ጌጥ አይደለም። ሙሌቱን በውጭ ቆዳው አሳልፎ ውስጡን ይጋርዳል። ፌስታል ግን እንደ ሹራቡ ራሱ ሙሌት የሚያመርት ነገር ነው። ጥንቃቄ የሚያደርጉ ጠጋኞች የእጅ አንጓቸው ላይ ከመሬት ጋር የተገናኘ ማሰሪያ ያስራሉ። ማሰሪያው ውስጥ የአንድ ሚሊዮን ኦም ሬዚስተር አለ። የተቀመጠው ለቺፑ ሳይሆን ለሰውየው ነው። በስህተት 220 ቮልት ቢነካ የሚያልፍበት 0.22 ሚሊአምፔር ብቻ ይሆናል፤ አይሰማውም ማለት ይቻላል።

ቺፑ ራሱን አይከላከልም?

ይከላከላል። ባይከላከል ኖሮ ከፋብሪካው በር አይወጣም ነበር።

የቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ያለውን አሸንዳ አስቡ። አሸንዳ ዝናቡን አያቆምም። ዝናቡ ግድግዳውን ሳይነካ ወደ ቦዩ እንዲወርድ መንገድ ይሰጠዋል። እያንዳንዱ የቺፕ እግር ከሲሊኮኑ ጋር በሚገናኝበት ቦታ እንዲህ ያሉ አሸንዳዎች አሉት። ዳዮድ ይባላሉ፤ ጅረትን ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፉ በሮች ናቸው። አብዛኛውን ጊዜ አንዱ ወደ ኃይል መስመሩ፣ ሌላው ወደ መሬት መስመሩ ይወስዳል። ቮልቴጁ ደህና ሲሆን ዝግ ናቸው። ከኃይል መስመሩ ከፍ ወይም ከመሬት ዝቅ ሲል ይከፈቱና ትርፉን ያፈሱታል።

ለምን በጣም ትልቅ አሸንዳ አይሠሩለትም? ይህን ጥያቄ እወደዋለሁ፤ መልሱ የሙያው ዋና ጣጣ ስለሆነ። አሸንዳው በገዘፈ ቁጥር እግሩ ላይ ይከብዳል። በሰከንድ ቢሊዮን ጊዜ የሚለዋወጥ ምልክት በዚያ እግር ማለፍ አለበት። ግዙፉ ዳዮድ ምልክቱንም ይጎትተዋል። በር ላይ አሥር ዘበኛ ብታቆሙ ሌባው ብቻ ሳይሆን እንግዳውም ይጉላላል። በዚህ የተነሳ የቺፕ አምራቾች ለዘመናት ሲጠቀሙበት የነበረው የ2,000 ቮልት የመቋቋም ግብ ወደ 1,000 ዝቅ እንዲል የኢንዱስትሪው ባለሙያዎች ሐሳብ ያቀረቡት እ.ኤ.አ. በ2007 ነው። ፋብሪካዎች ወለላቸውን፣ ጓንታቸውንና ጠረጴዛቸውን ከሙሌት ስለጠበቁ 1,000 ይበቃል አሉ።

ልብ በሉ፤ የቺፑ የራሱ አሸንዳ የተሠራው ለፋብሪካ ነው። ለመንገድ፣ ለኪስ፣ ለሹራብ አይደለም። ለኛ ዓለም ያለው ፈተና ሌላ ነው። በዓለም አቀፉ መለኪያ ከፍተኛው መደበኛ ደረጃ 8,000 ቮልት በቀጥታ ንክኪ፣ 15,000 በአየር ዝላይ ነው። በ8,000 ቮልት የሚለቀቀው ጅረት 30 አምፔር ይደርሳል፤ እዚያ ለመድረስ አንድ ናኖሰከንድ አይፈጅበትም። ናኖሰከንድ የአንድ ሰከንድ ቢሊዮንኛ ነው። በአንድ ናኖሰከንድ ብርሃን እንኳ የሚሄደው 30 ሴንቲሜትር ነው።

ስለዚህ ስልካችሁ ቻርጅ ማድረጊያ ቀዳዳ አጠገብ ሌላ ዘበኛ ይቆማል። ቲቪኤስ ዳዮድ ይባላል። ከሩዝ ፍሬ ያንሳል። ሥራው ያው የአሸንዳ ሥራ ነው፤ የሚችለው ዶፍ ግን ይበልጣል። የት እንደሚቀመጥ ወሳኝ ነው። ቦርድ ላይ ያለ አንድ ሚሊሜትር መስመር በዚያ ፍጥነት የሚመጣ 30 አምፔር ሲያልፍበት በራሱ ወደ 30 ቮልት ገደማ ይፈጥራል። አሸንዳውን ከበሩ አንድ ሴንቲሜትር ብታርቁት ዳዮዱ እስኪውጠው ድረስ መስመሩ ላይ ጥቂት መቶ ቮልት ይቆማል። ጥሩና ርካሽ ቦርድ ከሚለዩባቸው ነገሮች አንዱ ይህ ነው፤ ዘበኛው መኖሩ ብቻ ሳይሆን የት እንደቆመ።

አሁን ጠጋኞች ደስ የማይላቸውን ነገር ልናገር። ቲቪኤስ ዳዮድ ከአቅሙ በላይ ሲመጣበት አብዛኛውን ጊዜ ሾርት ሆኖ ይሞታል፤ ቺፑን አድኖ እሱ ይወድቃል። ስልኩ አይበራም። ጠጋኙ ሾርቱን በሜትር ይፈልግና ያገኘዋል፤ ነቅሎ ይጥለዋል። ስልኩ ይበራል! ደንበኛው ይመርቃል። ነገር ግን ስልኩ ከዚያ ቀን ጀምሮ ያለ ዘበኛ ነው። በቦታው ሌላ መተካት ሳንቲም የሚያህል ወጪ ነው፤ ጠይቁ።

ነቅሎ መሰካት የሚያድነው ለምንድን ነው?

አንዳንዴ ዕቃው ይደርቃል፣ ይግላል። ነቅላችሁ ትሰኩታላችሁ። ይሠራል። አስማት ይመስላል። ምክንያቱ ብዙ ሊሆን ይችላል። አንደኛው ግን ይህ ነው።

ውሃ ሲጠፋ በርሜል እናጠራቅማለን። ከበርሜሉ ለመቅዳት ጎማ እንከታለን፤ አንዴ በአፍ ስበን እንለቃለን። ከዚያ በኋላ ማንም ሳይስበው ይወርዳል። የሚቆመው ጎማው ሲወጣ ወይም ውሃው ሲያልቅ ነው። ቺፕ ውስጥም ማንም አስቦ ያልሠራው እንዲህ ያለ ጎማ አለ። ትራንዚስተሮቹ ተጠጋግተው ሲሠሩ በመካከላቸው ከኃይል መስመር ወደ መሬት የሚወስድ የተኛ መንገድ ይፈጠራል። በደህናው ቀን ዝግ ነው። አንድ እግር ከኃይሉ በላይ ወይም ከመሬት በታች ከተገፋ ግን አንዴ ይሳባል። ከዚያ የገፋው ነገር ቢጠፋም መፍሰሱ አይቆምም። ላችአፕ ይሉታል። ቶሎ ካልነቀላችሁት ቺፑ ይቀልጣል።

የቺፕ መግለጫ ወረቀት ላይ ብዙ ጊዜ «ማንኛውም እግር ከኃይሉ በ0.3 ቮልት በላይ አይሂድ» የሚል መስመር የምታገኙት በዚህና በመሰሉት ምክንያቶች ነው። አምራቾች መንገዱን ለመዝጋት በትራንዚስተሮቹ ዙሪያ መከላከያ ቀለበት ያጥራሉ።

ከሁሉ የሚገርመኝ የዩኤስቢ መሰኪያ ነው። ውስጡን ብታዩ የዳር የዳሮቹ ብረቶች ከመሐሎቹ ትንሽ ይረዝማሉ። የዳሮቹ ኃይልና መሬት ናቸው። ስትሰኩ እነሱ ቀድመው ይነካሉ፤ ዳታው በኋላ ይደርሳል። ቺፑ ኃይል ሳያገኝ ምልክት እንዳይገፋው ነው። ስንነቅል ደግሞ ዳታው ቀድሞ ይለያል። በየቀኑ ስንሰካና ስንነቅል አንድም ቀን አይተነው አናውቅም።

ዩኤስቢ ሲ ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። ፈጣን ቻርጀር በዚያች ትንሽ ቀዳዳ እስከ 20 ቮልት፣ በአዲሱ ደንብ እስከ 48 ቮልት ሊልክ ይችላል። ከኃይል እግሩ ግማሽ ሚሊሜትር እልፍ ብሎ በአምስት ቮልት የምትሠራ የመነጋገሪያ እግር አለች። በመካከል ላብ፣ የኪስ ጉድፍ ወይም የተጣመመ ብረት ከገባ 20 ቮልቱ ወደ ጎረቤት ይሻገራል። ደህና አምራች እዚያም ዘበኛ ያቆማል። እናንተ ግን ቀዳዳውን ንጹሕና ደረቅ ብታደርጉት ይሻላል።

ወደ ፊውዙ እንመለስ፤ ለምን አላዳነውም?

ፊውዝ ቀጭን ሽቦ ነው። ብዙ ጅረት ሲያልፍ ይግላል፣ ይቀልጣል፣ መንገዱን ይቆርጣል። ለመጋል ግን ጊዜ ይፈልጋል። ፈጣን የሚባለው እንኳ ከተጻፈበት ልክ እጥፍ ሲያልፍበት ደቂቃዎች ሊቆይ ይችላል። አሥር እጥፍ ሲያልፍበት በሚሊሰከንዶች (በሰከንድ ሺህኛዎች) ይበጠሳል።

ሚሊሰከንድ ፈጣን ይመስላል። ከጣት ብልጭታ ጋር አስተያዩት። ብልጭታው መቶ ናኖሰከንድ ቢቆይና ፊውዙ አሥር ሚሊሰከንድ ቢፈጅ ልዩነቱ መቶ ሺህ እጥፍ ነው። ብልጭታው አንድ ሰከንድ የሚቆይ ቢሆን ኖሮ ፊውዙ የሚደርሰው በማግስቱ ነበር። ሌባው ገብቶ ወጥቷል፤ ዘበኛው ነገ ይነቃል። መሐንዲሶች «ትራንዚስተር ፊውዙን ለማዳን ቀድሞ ይቃጠላል» ብለው የሚቀልዱት ለዚህ ነው።

ስለዚህ ፊውዝ የቺፕ ጠባቂ አይደለም። የቤት ጠባቂ ነው። ቺፑ ሞቶ ሾርት ሲሆን ገመዱ እንዳይነድ፣ እሳት እንዳይነሳ መንገዱን ይቆርጣል። በተቃጠለ ፊውዝ ምትክ ሽቦ ጠምዝዞ መክተት አደገኛ የሆነውም በዚሁ ምክንያት ነው፤ ሪሲቨሩ ሳይሆን ቤቱ ነው አደጋ ላይ የሚወድቀው።

ነገሩ ሁሉ የሰዓት ጉዳይ ነው። አደጋ ሁሉ የራሱ ፍጥነት አለው፤ ዘበኛ ሁሉም እንዲሁ። ናኖሰከንድ የሚመጣውን ዳዮድ ይይዘዋል። ሚሊሰከንድ የሚቆየውን ፊውዝ። ከዚያም የሚረዝመውን ሙቀት ቺፑ ራሱ ሊሰማው ይችላል። ለምሳሌ ጠጋኞች ሁሉ የሚያውቁት 7805፣ አምስት ቮልት የሚሰጠው ባለ ሦስት እግሩ፣ በጣም ሲግል ራሱን ያጠፋል፤ ሲበርድ ይመለሳል። ብዙ የዛሬ ኃይል ሰጪ ቺፖች ወደ 150 ዲግሪ ሲጠጉ እንዲህ ያደርጋሉ። ድሮ እንዲህ አልነበረም። የቺፕ ነዳፊው ቦብ ዊድላር እ.ኤ.አ. በ1965 የሠራው ዝነኛው 709 የተባለ ቺፕ መውጫው ሾርት ከሆነ መከላከያ አልነበረውም፤ ይቃጠል ነበር። ሰውየው በ1967 ኤልኤም 101 የተባለውን ቺፕ ሲሠራ መከላከያውን ውስጡ ጨመረለት።

መብራት ሄዶ ሲመጣስ?

መብራት እንደመጣ የሰፈሩ ፍሪጅ፣ የውሃ ፓምፕና ምጣድ ሁሉ በአንድ ጊዜ ይነሳል። ቮልቴጁ ይወርዳል፣ ይዘላል፣ ይዋዥቃል። አምስት ደቂቃ ጠብቆ መሰካት ነፃ መድኃኒት ነው።

የከፋው ግን ኒውትራል የሚባለው የመመለሻ ሽቦ ሲበጠስ ነው። የሰፈር ትራንስፎርመር ሦስት ፌዝ፣ ማለትም ኃይል የሚያመጡ ሦስት ሽቦዎች፣ ያወጣል። በአንዱ ፌዝና በኒውትራሉ መካከል 220 ቮልት አለ፤ በሁለት ፌዞች መካከል ግን 380 ነው። ቤቶቹ በሦስቱ ፌዝ ይከፋፈላሉ፤ መመለሻቸው ግን ያው አንድ ኒውትራል ነው። እሱ ሲበጠስ የእናንተ ቤትና የጎረቤት ቤት 380ውን ለሁለት ይካፈሉታል። አካፋፈሉ ደግሞ ፍትሕ የለውም። ጎረቤት እንጀራ እየጋገሩ ብዙ ኃይል ከሳቡ የእሳቸው ድርሻ ትንሽ ቮልት ይሆናል። ስልክና ቴሌቪዥን ብቻ የሰካችሁት እናንተ ትልቁን ትወስዳላችሁ፤ ወደ 380 ይጠጋል። በአንድ ቀን የሰፈር ቴሌቪዥን በሙሉ ተቃጠለ ሲባል ብዙ ጊዜ ነገሩ ይኸው ነው። ምጣዱ ግን ደህና ነው፤ ብቻ እንጀራው አልበስል ይላል።

እዚህ ላይ ዘበኞቹን እንያቸው። ዲቫይደርና ዕቃ ውስጥ የሚገባው ቫሪስተር የሚባል እንደ ሳንቲም ክብ ነገር ነው፤ ከዚንክ ኦክሳይድ ይሠራል። በአብዛኛው እስከ 275 ቮልት ዝም ይላል፤ ካለፈ እንደ አሸንዳ ይከፈታል። ለአፍታ ለሚዘል ቮልቴጅ ጥሩ ነው። በእያንዳንዱ ዝላይ ግን ትንሽ ትንሽ ያረጃል። የዓመታት ዲቫይደር ላይ «ይከላከላል» የሚለው ጽሑፍ ከቫሪስተሩ ዕድሜ በላይ ሊቆይ ይችላል። ኒውትራል ተበጥሶ ለደቂቃዎች ከፍ ያለ ቮልቴጅ ሲመጣ ደግሞ ቫሪስተሩ ይግላል፣ ይፈነዳል። ፊውዙ የሚሠራው ያኔ ነው፤ ሁለቱ ሲተባበሩ ከኋላቸው ያለው ሊተርፍ ይችላል። ለፍሪጅ የሚሸጠው ቮልቴጅ ሲዛባ ቆርጦ፣ ደቂቃዎች ጠብቆ የሚመልሰው መሣሪያ ለእንዲህ ያለው ቀን ከዲቫይደሩ ይሻላል።

ስታቢላይዘርስ? ቀርፋፋ ነው፤ ስድብ አይደለም። ቮልቴጁ 170 ሆኖ ሲውል ወደ 220 ያነሳዋል፤ ሥራው እሱ ነው። ለመብረቅ ዝላይ ግን አትመኩበት።

ላፕቶፔ ለምን ይነዝረኛል?

ቻርጀሩ ኧርዝ (ወደ መሬት የሚወስድ መስመር) ስለሌለው ወይም የቤታችሁ ሶኬት ኧርዝ ስላልተሠራለት ነው። ቻርጀሩ ውስጥ ረብሻ የሚያጠሩ ትንንሽ ካፓሲተሮች አሉ። ኧርዝ ሲጠፋ የላፕቶፑ ብረት ከመስመሩ ግማሽ፣ ወደ 110 ቮልት ላይ ተንጠልጥሎ ይቀራል። ጅረቱ እጅግ ትንሽ ስለሆነ ሰው አይገድልም። ነገር ግን ያንን ላፕቶፕ ከቴሌቪዥን ጋር በኬብል ስታገናኙ የተንጠለጠለው ቮልቴጅ በኬብሉ መንገድ ይፈልጋል። የኤችዲኤምአይ ቀዳዳ ቺፕ የሚሞትበት አንዱ መንገድ ይህ ነው። መጀመሪያ ኬብሉን አገናኙ፣ ከዚያ ቻርጀሩን ግድግዳ ላይ ሰኩ። ኧርዝ የሌለው መበየጃም ቦርድ ላይ ይህንኑ ያደርጋል።

አሸንዳ ያለ ቦይ ከንቱ ነው። ኧርዝ የሌለው ቤት ውስጥ ያለ መከላከያ ግማሽ ሥራውን ያጣል፤ ትርፉን ወደ የት ያፍስሰው?

የእማማ ሪሲቨር ምን ሆኖ ነበር?

ጠጋኙ ቦርዱን አዙሮ አሳየኝ። የመብራት ገመዱ የሚገባበት በኩል ሁሉም ነገር ንጹሕ ነው። ቫሪስተሩ አልጠቆረም፣ ፊውዙ አልተቃጠለም። የተቃጠለው ወዲያኛው ጥግ ነው፤ የዲሹ ኬብል የሚሰካበት። የዲሹን ምልክት የሚቀበለው ክፍል፣ ቱነሩ፣ አጠገብ ያለችው ቺፕ መሐሏ ላይ መርፌ የምታህል ቀዳዳ አላት።

ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ የቆመው ዲሽ ነጎድጓዱን ሰምቶታል። ጉዳት ለማድረስ መብረቅ የግድ ቤቱን መምታት አያስፈልገውም። አንድ መብረቅ በተለምዶ 30,000 አምፔር ገደማ ይይዛል፤ ራቅ ብሎ ቢወርድም በረጅም ኬብል ላይ ቮልቴጅ ይቀሰቅሳል። ሪሲቨሩ ለዲሹ በዚያው ኬብል 13 ወይም 18 ቮልት ይልካል፤ መብረቁ በዚያው መንገድ ተመልሶ መጣ። ፊውዙ የፊት በሩን እየጠበቀ ነበር። እንግዳው የገባው በጓሮ ነው።

«እማማ፣ ነጎድጓድ ሲሆን የመብራቱን ብቻ ሳይሆን የዲሹንም ይንቀሉት» አላቸው።

«ሁለቱንም?»

«ሁለቱንም።»

ቺፑን ለመቀየር የሚጠየቀው ዋጋ ለሪሲቨሩ ስላልተመጣጠነላቸው ተዉት። ለመለዋወጫ ይሁንህ ብለውት ወጡ። ጠጋኙ ቦርዱን መሣቢያ ውስጥ ከመጣሉ በፊት ፊውዙን ነቅሎ በሜትር ለካው። ደህና ነው። ለቻርጀሬ የጠፋው እሱ ነበርና አምጥቶ ገጠመልኝ።